ከሰሉ ለምን በደንብ አይነድም? በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከጥቅምት ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ መውረድ ሲጀምር፣ አንኮበርና መንዝም ብርዱ ሲጠና፣ ከሰል ማብሰያ ብቻ መሆኑ ይቀርና ማሞቂያም ይሆናል። ማታ ቡና የተፈላበት ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፤ ብርድ እንዳይገባ በር ይዘጋል፣ መስኮት ላይ ጨርቅ ይወተፋል። ከፍሙ በሚወጣው መርዛማ ጋዝ ምክንያት በአገራችን ስንት ቤተሰብ ተኝቶ ሳይነሳ ቀርቷል። የሚያንገበግበኝ አደጋው ምልክት የሚሰጥ መሆኑ ነው። የከሰሉን በደንብ አለመንደድም ሆነ የራስ ምታቱን እናያለን፤ ግን ሌላ ትርጉም እንሰጠዋለን።

«ጭሱ ካለቀና ፍም ከሆነ ቤት ቢገባ ችግር የለውም»

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ ሰው በቀላሉ ያምነዋል። ከሰልን ደጅ አቀጣጥሎ ጭሱን ማስጨረስ ጥሩ ልማድ ነው። ጭሱ የሚመጣው ግን ከእርጥበቱና በደንብ ካልከሰለው እንጨት ነው። ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ እሱ ከጭሱ ጋር አብሮ አያልቅም። ከታች የገባው አየር ፍሙን ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህ ጋዝ በቀላው ፍም መሐል ሽቅብ ሲያልፍ ከከሰሉ ጋር እንደገና ይዋሃድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ፍሙ ላይ የምትንቀለቀለዋን ሰማያዊ ነበልባል አይታችሁ ይሆናል፤ እሷ ይኸው ጋዝ ከላይ አየር አግኝቶ ሲነድ ነው። ነበልባሏ ስትጠፋ ጋዙ ቆመ ማለት አይደለም፤ ሳይነድ ወደ ክፍሉ እየገባ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል።

እሳቱን በአመድ ማዳፈንም ከዚህ አያድንም። የተዳፈነ እሳት ለጠዋት የሚቆየው አየር ስላነሰው ነው፤ አየር ያነሰው እሳት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ጋዝ ይለቃል። ማዳፈን ካስፈለገ ማድቤቱ ሰው ከሚተኛበት የተለየና አየር የሚያገኝ መሆን አለበት።

«ራሴን ያመመኝ ብርድ መትቶኝ ነው»

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መዛል፣ ማዞር። ደጋ ላይ ይህ ሁሉ በብርድ ይሳበባል፤ መፍትሔውም ከሰል መጨመር ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ ብርድ ቤተሰቡን ሁሉ በአንድ ሰዓት አይመታም። እናትም ልጅም ራሳቸውን ይዘው ከተቀመጡ፣ ደጅ ሲወጡም ቀለል ካላቸው፣ ጥፋቱ የምድጃው ነው። ያን ጊዜ በርና መስኮት ወለል አድርጎ መክፈት፣ ሰዎቹን ማስወጣት፣ ከዚያ ምድጃውን ማውጣት ነው።

ለመኝታ ሙቀት ከተፈለገ የመንዝ ባና ለዚህ የተሠራ ነው። ፍል ውሃ በሚችል ዕቃ ሙቅ ውሃ ሞልቶ፣ በደንብ ከድኖና በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግም ይቻላል፤ እሱ አየር አይሻማም።

«ዘንድሮ የሚሸጠው ከሰል የማይረባ ነው»

አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ከሰሉ ከመወቀሱ በፊት ምድጃውን መገልበጥ ይገባል። ላቀች የሚባለውን ባለ ሸክላ የከሰል ምድጃ ከታች ወደ ላይ ብታዩት በሸክላው ቀዳዳዎች በኩል ብርሃን መታየት አለበት። ብዙ ጊዜ ግማሾቹ በአመድና በድቃቂ ተደፍነው ታገኟቸዋላችሁ። የትናንቱ አመድ ሳይወጣ አዲስ ከሰል ሲጨመርበት እሳቱ ከላይ ብቻ ይቀላል፤ ከታች ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት ወግቶ ማጽዳትና የአመዱን በር ከፍቶ ነፋስ ወደሚመጣበት ማዞር ይበቃል። ከጆንያው ሥር የሚቀረውን ድቃቂም ከላይ መነስነስ አይገባም፤ በፍሞቹ መሐል ያለውን መተላለፊያ ይዘጋል። ሰፊ ድስት የምድጃውን አፍ ሙሉ በሙሉ ከከደነም ጋዙ መውጫ፣ አየሩም መግቢያ ያጣል፤ በድስቱና በምድጃው አፍ መካከል የጣት ውፍረት ያህል ክፍተት ያስፈልጋል።

ከፍታው ራሱ የሚጨምረው ጣጣ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ባልዲ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ቆላ ላይ ቀዳዳው ግማሽ ተደፍኖ የሚነድ ምድጃ እዚህ ሊዳፈን ይችላል።

እንጨትም እንዲሁ ነው። ትኩስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ ማትነን አለበት፤ እስከዚያ እንጨቱ ስለማይግል ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይነድ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ግንዱን ፈልጦ፣ አየር እንዲያሳልፍ አራርቆ ከምሮ፣ በጋውን ማድረቅና ክረምት ሳይገባ ከጣሪያ ሥር ማስገባት ነው። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ሲያነሱት ይቀላል፣ እርስ በርሱ ሲያጋጩት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ኩበት ቢደርቅም አመዱ ብዙ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ይፈልጋል።

«ምርጥ ምድጃ ያጨሳል፣ ሦስት ጉልቻ ይሻላል»

«ምርጥ» የሚባለው የእንጨት ምድጃ በአግባቡ ሲያነዱበት ለእንጀራ የሚፈልገው እንጨት ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ገደማ ነው። የሚያጨሰው አፉ እስኪጠቀጠቅ እንጨት ሲገባበት ነው። ቀጠን ቀጠን ያለ ጭራሮ በጥቂቱ መማገድ፣ የአፉን የላይኛውን ክፍል ለአየር መተው ነው።

«ባቄላው አልበስል ያለው እሳቱ ደክሞ ነው»

ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢት ከደረሱ ከ95 ዲግሪ በላይ ላይ ይፈላል፤ ባቄላውም ቶሎ ይበስላል። አንዴ ከፈላ በኋላ ከሰል ቢጨምሩ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ማታውኑ መዘፍዘፍ፣ ድስቱን መክደን፣ ከፈላ በኋላም እሳቱን መቀነስ ከሰልም ጊዜም ያተርፋል። ፕሬዠር ኩከር ያለው ሰው ከዚህ ጣጣ ተገላግሏል።

«ውሃ ጎኑ ይቀመጥ፣ የታመመውም ሎሚ ያሽት፣ ወተት ይጠጣ»

ካርቦን ሞኖክሳይድ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ምድጃው ጎን የተቀመጠ ሳህን ውሃ አይመጥጠውም። ሎሚ ደም ውስጥ የገባውን አያስወጣም። ወተት ደግሞ ራሱን ለሳተ ሰው ፈጽሞ አይሰጥም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ ደጅ አውጥቶ በጎኑ ማስተኛትና ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም ማድረስ ነው። እንዲሁ አየር እየተነፈሰ ከደሙ የጋዙ ግማሽ እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ በማስክ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ወደ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል።

ጤና ተቋም ስትደርሱ «ከሰል ያለበት ቤት ተኝቶ ነበር» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ሕመምተኛው እየተጎዳ ቁጥሩ ደህና ሊመስል ይችላል። አብረውት ያደሩትም ደህና ነን ቢሉ እንኳ ይታዩ፤ በተለይ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ጽንሱ ከእሷ ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ ሳትውል ሳታድር ትመርመር።