ትምህርት ለጊዜው አቋርጦ ስኮላርሺፕን ማቆየት፦ በአሜሪካ ኮሌጆች ያለው አሠራር

በአሜሪካ ኮሌጅ የሚማር ሰው በሕመም፣ በቤተሰብ ችግር፣ በወሊድ፣ በውትድርና፣ በሥራ ወይም በሃይማኖታዊ አገልግሎት ምክንያት ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት ከትምህርት ገበታው ሊርቅ ይችላል። ኮሌጆች በአብዛኛው ይፈቅዳሉ፤ የሚያስቸግረው ገንዘቡ ነው። ከሬጅስትራር (ከኮሌጁ የምዝገባ ቢሮ) የሚሰጠው የፈቃድ ወረቀት የሚያስጠብቀው የተማሪውን ቦታ እንጂ ስኮላርሺፑን አይደለም። የስኮላርሺፑ ፈቃድ ከሰጪው ለብቻው ይጠየቃል። ብዙ ጊዜ ስኮላርሺፕ የሚጠፋው አንዱ ፈቃድ ለሌላውም የሚበቃ ስለሚመስል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ተማሪ እርዳታ ከፌዴራል መንግሥት፣ ከስቴቱ፣ ከኮሌጁ ከራሱና ከግል ድርጅቶች ሊመጣ ይችላል፤ እያንዳንዱም የራሱ ደንብና የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ስለዚህ ማንኛውንም ፎርም ከመሙላት በፊት የእርዳታውን ደብዳቤ አውጥቶ የእያንዳንዱን መስመር ምንጭ መለየት ያስፈልጋል።

የፌዴራል እርዳታ

በ1972 በሌላ ስም የተጀመረው የዛሬው ፔል ግራንት (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተማሪዎች የሚሰጥ፣ ብድር ያልሆነ እርዳታ) በሴኔተር ክሌይቦርን ፔል ስም የተጠራው በ1980 ነው። አቋርጦ ለሚመለስ ተማሪ ከሁሉም ይልቅ የሚመቸው ይኸው ነው። ተማሪው ፋፍሳውን (የፌዴራል እርዳታ ማመልከቻ ፎርሙን) እስከሞላና መመዘኛውን እስካሟላ ድረስ ሲመለስ ያገኘዋል። ከጁላይ 2012 ጀምሮ አንድ ሰው በዕድሜው ሊያገኝ የሚችለው በ12 ሙሉ ሴሚስተር ተወስኗል። የሚቆጠረው ግን የተከፈለበት ሴሚስተር ብቻ ስለሆነ ቤት የተቀመጡበት ጊዜ ከዚህ ላይ አይቀነስም።

ጉዳት የሚመጣው ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ ሲወጡ ነው። ሕጉ እርዳታውን በቀን ያሰላዋል። የሴሚስተሩ 60 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ የተማሪው ድርሻ በቆየበት ቀን ልክ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሙሉው የእሱ ነው። 110 ቀን ባለው ሴሚስተር (5 ቀንና ከዚያ በላይ የሆነ የመሃል ዕረፍት አይቆጠርም) በ33ኛው ቀን የወጣ ተማሪ 30 በመቶ ብቻ ቆይቷል። የ3,000 ዶላር ፔል ግራንት ከነበረው 900 ዶላሩ የእሱ ሲሆን 2,100 ዶላሩ ወደ መንግሥት ይመለሳል። የትምህርት ክፍያው ከ3,000 ዶላር የማያንስ ከሆነ ይህን ገንዘብ ኮሌጁ በ45 ቀን ውስጥ ይመልስና ቀሪውን ሂሳብ በተማሪው ላይ ያስቀምጣል። ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ብዙ ኮሌጆች ምዝገባ ስለሚዘጉ የፔል መብቱ ያልተነካ ተማሪ እንኳ መመዝገብ ሊያቅተው ይችላል። በዚሁ ምሳሌ 66ኛው ቀን ካለፈ በኋላ የወጣ ተማሪ ከፔሉ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ወይ ሴሚስተሩ ሳይጀመር፣ ወይ 60 በመቶው ካለፈ በኋላ መውጣት ይሻላል።

ከሁሉም የከፋው ሳይናገሩ መቅረት ነው። በሁሉም ትምህርት ኤፍ ያገኘና እስከ መጨረሻው መማሩ ያልተረጋገጠ ተማሪ፣ መገኘት በማይመዘግቡ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ በሴሚስተሩ አጋማሽ እንደወጣ ተደርጎ ይሰላበታል። ግማሹ እርዳታ ይመለሳል፣ ኤፉም ትራንስክሪፕቱ ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሌት የትምህርት ዕድገት መለኪያው ነው። አብዛኞቹ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤ፣ ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማጠናቀቅና ፕሮግራሙን ከመደበኛ ርዝመቱ በ150 በመቶ ውስጥ መጨረስ (ለ120 ክሬዲት ዲግሪ እስከ 180 ክሬዲት) ይጠይቃሉ። ደብሊው (ትምህርቱን በመሃል ያቋረጠ ተማሪ በውጤት ምትክ የሚጻፍለት ምልክት) ጂፒኤን አይነካም፤ ነገር ግን እንደተሞከረና እንዳልተጠናቀቀ ይቆጠራል። 24 ክሬዲት ወስዶ ሁሉንም ያለፈ ተማሪ በቀጣዩ ሴሚስተር ከ15 ክሬዲት በደብሊው ቢወጣ 24 ለ39፣ ማለትም 61.5 በመቶ ላይ ይወድቃል፤ ሲመለስም እርዳታው ታግዶ ሊያገኘው ይችላል። በዚህ ጊዜ ይግባኝ ይቀርባል። ሕጉ በግልጽ የሚያውቃቸው ምክንያቶች የዘመድ ሞት፣ የተማሪው ሕመም ወይም ጉዳት እና ሌላ ልዩ ሁኔታ ናቸው። ይግባኙ ተቀባይነት የሚያገኘው ሁለት ነገር ሲይዝ ነው፦ የተፈጠረውን ችግር ከማስረጃ ጋር፣ እንዲሁም አሁን ምን እንደተለወጠ። ሁለተኛውን የረሳ ደብዳቤ የቱንም ያህል ልብ የሚነካ ቢሆን ብዙ ጊዜ ውድቅ ይሆናል። በአድ ድሮፕ ጊዜ (በሴሚስተሩ መጀመሪያ ትምህርት መጨመርና መሰረዝ በሚቻልበት ጊዜ) ውስጥ የተሰረዘ ትምህርት ግን ደብሊው አይጥልም።

የፌዴራል ደንብ በማንኛውም 12 ወር ውስጥ እስከ 180 ቀን የሚደርስ ፈቃድም ያውቃል፤ ሆኖም ተማሪው ሲመለስ ካቆመበት እንዲቀጥል ስለሚጠይቅ በሴሚስተር ለሚያስተምሩ ኮሌጆች እምብዛም አይሠራም። ኮሌጁ «ሊቭ ኦፍ አብሰንስ» (የዕረፍት ፈቃድ) ብሎ የጻፈው ወረቀት በፌዴራል ዓይን ተራ ዊዝድሮዋል (ትምህርት አቋርጦ መውጣት) ሊሆን ይችላል። የፌዴራል ብድር ላለበት ተማሪ፣ ዕዳውን መክፈል ከመጀመሩ በፊት የሚሰጠው የ6 ወር የእፎይታ ጊዜም በዚህ መሠረት መቁጠር ይጀምራል። ስድስቱ ወር ሳያልቅ ቢያንስ በግማሽ ጭነት የተመለሰ ተማሪ እፎይታው እንደገና ሙሉ ይሆንለታል። ካለቀ በኋላ የተመለሰ ክፍያው በትምህርት ላይ እስካለ ድረስ ይቆምለታል እንጂ እፎይታውን ለዚያ ብድር ድጋሚ አያገኝም።

የስቴት ስኮላርሺፖች

የጆርጂያው ሆፕ በ1993 በሎተሪ ገቢ የተመሠረተ ነው። 3.0 ጂፒኤ ይጠይቃል፤ 30፣ 60 እና 90 ክሬዲት ሲሞከር ይመረመራል፤ አንዴ ያጣው ሊያስመልሰው ይችላል፣ ሁለት ጊዜ ያጣው ግን አይችልም። ትምህርት ያቋረጠውን የሚያሳስበው ከሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ጀምሮ የሚቆጠረው የዓመታት ገደብ ነው። የፍሎሪዳው ብራይት ፊውቸርስ ደግሞ ተማሪው ትምህርት ጀምሮ ሲያቋርጥ የተከፈለለትን የዚያን ትምህርት ሂሳብ እንዲመልስ ያደርጋል። በቴነሲ ፕሮሚስ ያለማቋረጥ በሙሉ ጭነት መማር ግዴታ ነው፤ በሕመምና መሰል ምክንያቶች ፈቃድ የሚጠየቀው ከኮሌጁ ነው።

የኮሌጁ የራሱ ስኮላርሺፕ

በውጤት የሚሰጠው ሜሪት ስኮላርሺፕ ብዙውን ጊዜ ለ8 ሴሚስተር ነው። ደብዳቤው ላይ «ተከታታይ» የሚል ቃል ካለ አንድ ሴሚስተር መቅረት ቀሪውን ሁሉ ሊያስቀር ይችላል። ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ያልተጠቀሙበት ሴሚስተር ይቆያል። ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ በኢሜይል የሚጠየቁት ጥያቄዎች አጭር ናቸው፦ ስኮላርሺፑ እስከ ስንት ሴሚስተር ይጠበቃል? ስመለስ መጠኑ ያው ነው? በመሃል ሌላ ኮሌጅ ክሬዲት ብወስድ ምን ይሆናል? የስልክ መልስ ዋጋ የለውም፤ ያነጋገሩት ሠራተኛ ተማሪው በሚመለስበት ጊዜ ቢሮው ውስጥ ላይኖር ይችላል። በጽሑፍ ሲጠየቁ ግን እነዚህ ቢሮዎች ለተማሪው የሚደክሙ፣ ከሚታሰበውም በላይ መንገድ የሚያውቁ ናቸው።

ኮሌጅ ሳይጀምሩ አንድ ዓመት ማዘግየት ቀለል ይላል። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ከ2009 ጀምሮ ከገቢ ተማሪዎቹ የተወሰኑትን ከትምህርት ክፍያ ነፃ ለዘጠኝ ወር ውጭ አገር ለአገልግሎት ይልካል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ዕድሜን በ2012 ለወንዶች ወደ 18፣ ለሴቶች ወደ 19 ዝቅ ካደረገች ወዲህ ደግሞ በዩታ አካባቢ ስኮላርሺፕን ማቆየት የተለመደ አሠራር ሆኗል። የተለመደው ቅድመ ሁኔታ በዚያ ዓመት ሌላ ኮሌጅ ተመዝግቦ ክሬዲት አለመውሰድ ነው። የወሰደ ተማሪ እንደ ተዘዋዋሪ ተቆጥሮ ለአዲስ ገቢዎች የተመደበውን ስኮላርሺፕ ሊያጣ ይችላል።

የግል ድርጅቶች ስኮላርሺፕ እንደየሰጪው ይለያያል፤ ገንዘቡ ለኮሌጁ ከመላኩ በፊት መጻፍ ያስፈልጋል።

በአእምሮ ጤና ምክንያት የሚወሰድ ፈቃድ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ኮሌጆች ታማሚውን ተማሪ ገፍተው ያስወጣሉ የሚል ክስ በስታንፎርድና በየል ዩኒቨርሲቲዎች ላይ ቀርቦ በ2019 እና በ2023 በስምምነት አልቋል። የልም በ2023 ዊዝድሮዋሉን ወደ ሕክምና ፈቃድ ለውጦ የጤና መድንን ማስቀጠል እንዲቻል አድርጓል።

ወታደሮች የተሻለ ዋስትና አላቸው። የ2008ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ በአጠቃላይ ከ5 ዓመት ላልበለጠ አገልግሎት የቀረ ተማሪ በነበረበት የትምህርት ደረጃ እንዲመለስ ኮሌጁን ያስገድዳል።

በኤፍ 1 ቪዛ ያሉ ተማሪዎች

በዚህ የተማሪ ቪዛ ለሚማሩ የውጭ አገር ተማሪዎች ቅደም ተከተሉ ራሱ ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ፣ ቀጥሎ ሬጅስትራር። ቢሮው አስቀድሞ ከፈቀደ ተማሪው ከአገር ለመውጣት 15 ቀን ይኖረዋል። ሳያስፈቅድ ትምህርቱን ከሰረዘ የሴቪስ መዝገቡ (መንግሥት የውጭ አገር ተማሪዎችን የሚከታተልበት መዝገብ) ይዘጋል፣ ይህ የ15 ቀን ጊዜም አይሰጠውም። ከትምህርት ከ5 ወር በላይ የራቀ በአዲስ አይ 20 (ኮሌጁ ለቪዛው በሚሰጠው የመቀበያ ቅጽ) እና በአዲስ የሴቪስ ክፍያ ነው የሚመለሰው፤ ለሥራ ፈቃድ የሚያስፈልገውን አንድ የትምህርት ዓመትም እንደገና መቁጠር ይጀምራል። የታመመ ተማሪ ግን በሐኪም ወይም ፈቃድ ባለው የክሊኒክ ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ፣ በአንድ የትምህርት ደረጃ በጠቅላላው እስከ 12 ወር፣ ትምህርቱን ቀንሶ ወይም ጨርሶ ሳይማር አሜሪካ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ይህን ዕድል ሳይጠይቁ አገር ለቀው የሚሄዱ አሉ።

ለመመለስ መዘጋጀት

በፈቃድ ላይ ያለ ተማሪ ለሚመለስበት ዓመት ፋፍሳ መሙላት አለበት፤ ፎርሙ በመደበኛው ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው። የኮሌጁ የመመለሻ ማመልከቻ የራሱ ቀን ስላለው የመኖሪያና የምዝገባ ቀኖችን አብሮ መያዝ፣ የቤተ መጻሕፍት ወይም የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ሳይቀር መክፈል ያስፈልጋል፤ ትንሽ ዕዳም ምዝገባ ይዘጋል። በዕረፍቱ ወቅት ሥራ የያዘ ተማሪ ደግሞ ፋፍሳ የሚያየው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ መሆኑን ይወቅ። በ2025 የተገኘ ደመወዝ የሚታየው በ2027–28 ማመልከቻ ላይ ነው። ያ ገቢ ሥራ በማቆም የቀረ ከሆነ ሥራ የለቀቁበትን ማስረጃ አያይዞ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ስሌቱን እንደገና እንዲያየው በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።