በኤችቲቲፒ ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ ክላስተር ዳታ መጻፍ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ ከጅማ

ኦብጀክት ስቶሬጅ ዳታን ከመለያ ስሙና ከመግለጫው ጋር አንድ ላይ አስሮ የሚያስቀምጥ አሠራር ነው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ መደራረብ የለም። ብዙ ሰርቨሮች ተያይዘው እንደ አንድ መጋዘን ሲሠሩ ክላስተር ይባላሉ። እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ኖድ ነው። ዳታው የሚገባውም የሚወጣውም በኤችቲቲፒ ነው፤ ድረ ገጽ ስንከፍት የምንጠቀምበት ያው መግባቢያ። ይህን ያሰባሰብኩት ጅማ ላይ ተማሪዎችን ሳስረዳ «ይቺን አንብቡ» የምላቸው የአማርኛ ጽሑፍ ስላጣሁ ነው።

ጅማ ለምን? ከተማችን ከቡና ሌላ ዳታም ታመርታለች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1999 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ነው። የጊልጌል ጊቤ የመስክ ምርምር ማዕከሉ ከ2005 ጀምሮ የአካባቢውን ሕዝብ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ሲከታተል ኖሯል። እንዲህ ያለ መረጃ አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይለቀምም። የራጅ ምስልም፣ የታመመ የቡና ቅጠል ፎቶም ጠባያቸው አንድ ነው፦ አንዴ ይጻፋሉ፣ ብዙ ጊዜ ይነበባሉ፣ ከተጻፉ በኋላ ውስጣቸው አይታረምም። ኦብጀክት ስቶሬጅ የተሠራው ለእንዲህ ዓይነቱ ዳታ ነው።

የኦብጀክት ስቶሬጅ ጀማሪ ማን ነው በሚለው ላይ ሁሉም አይስማማም። በ1990ዎቹ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ የተሠራውን ምርምር የሚጠቅሱ አሉ። በ2002 የወጣውን ሴንቴራ የተባለውን የኢኤምሲ ኩባንያ ማከማቻ የሚያስቀድሙም አይጠፉም። ለማንም መፍረድ ይከብዳል። አሠራሩን ሕዝብ እጅ ያስገባው ግን አማዞን ነው። በማርች 2006 ኤስ3 የተባለውን በኢንተርኔት የሚከራይ ማከማቻውን ከፈተ፤ የትእዛዝ አሰጣጡም እያደር የሁሉም ልማድ ሆነ። በ2010 ራክስፔስና ናሳ የጀመሩት ኦፕንስታክ የተባለ ነጻ የክላውድ ሶፍትዌር ስዊፍት የሚባለውን ኦብጀክት ስቶሬጅ ይዞ መጣ። ሴፍ የተባለው ሌላው የማከማቻ ሶፍትዌር ደግሞ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የወጣ የሴጅ ዌይል የዶክትሬት ሥራ ነው። የአንድ ተማሪ መመረቂያ ዓለም ሲጠቀምበት ማየት ለእኛም ተማሪዎች ጥሩ ስንቅ ነው።

ወደ ዋናው እንምጣ። ጸሐፊው ፕሮግራም «ፑት» ወይም «ፖስት» የሚል ጥያቄ ይልካል። በሄደሩ (ከዳታው በፊት በሚሄደው ማብራሪያ) ላይ የዳታውን መጠንና ዓይነት ይገልጻል፤ ዳታው ይከተላል። በፑት ስሙን የሚሰጠው ላኪው ነው። በፖስት የሚሠሩ አንዳንድ ክላስተሮች ግን ስሙን ራሳቸው አውጥተው በመልሱ ይነግሩታል። ያን ስም የጣለ ሰው ዕቃውን (ኦብጀክቱን) ጣለ ማለት ነው።

አንዳንድ ክላስተር የበር ሰርቨር፣ ማለትም ጥያቄ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ሰርቨር፣ የለውም። ለምሳሌ የካሪንጎው ካስተር፣ በኋላ ስዋርም የተባለው፣ ማንኛውንም ኖድ ብታንኳኳ ይከፍትልሃል። ኖዶቹ ማን ቢይዘው እንደሚሻል እርስ በርስ ይጫረቱና «እዚያኛው ጋ ሂድ» የሚል መልስ ይመጣልሃል። ቡና የጫነ አይሱዙ ወደ መጋዘን ሲመጣ ጆንያውን በር ላይ አያራግፍም። ሾፌሩ መጀመሪያ ዘበኛውን «የት ላውርድ?» ይለዋል። በኤችቲቲፒም ይህ ጥያቄ አለ፤ «ኤክስፔክት፦ 100-ኮንቲኒው» የሚባል ሄደር ነው። ካልተጠቀምክበት 2 ጊጋባይት ልከህ ስትጨርስ «4 ቁጥር ኖድ ጋ ሂድ» ተብለህ እንደገና ልትልክ ትችላለህ። በእኛ ኢንተርኔት ይህ ቀልድ አይደለም።

ዳታው መቼ ተጻፈ ይባላል? መልሱ እንደየሥርዓቱ ይለያያል። ስዊፍት ዳታው እንዳይጠፋ 3 ቅጂ በሚያስቀምጥበት በተለመደው አሠራር 2ቱ ዲስክ ላይ ካረፉ «201» (ተፈጥሯል) ብሎ ይመልሳል፤ ሦስተኛው በኋላ ይሟላል። ሴፍ ግን በወቅቱ በሥራ ላይ ያሉት ቅጂ ያዦች በሙሉ እስኪጽፉ ይጠብቃል። ኤስ3 «200» (ተሳክቷል) ይላል፤ «201» ብቻ የሚጠብቅ ኮድ እዚህ ላይ ይወድቃል። መልስ ሳይመጣ መስመር ከተቆረጠ ዳታው ገባም አልገባም ማለት አይቻልም። በፑት የተላከ ከሆነ በዚያው ስም ደግሞ መላክ ነው፤ ፖስት ከሆነ ግን ሁለት ዕቃ ሊፈጠር ይችላል።

ስለ ቅጂ ብዛት ክርክር አለ። 3 ቅጂ 3 እጥፍ ቦታ ይበላል። ዳታውን 4 ቦታ ከፍሎ 2 ማካካሻ (የጠፋውን መልሶ ለማስላት የሚረዳ ተጨማሪ ቁራጭ) መጨመር ደግሞ 1 ተኩል እጥፍ ብቻ ይፈልጋል፤ ከ6ቱ ማንኛውም 2 ቢጠፋ ችግር የለም። በተጠባባቂ ዲስክ ለማይትረፈረፍ ሰው ሁለተኛው ይሻላል፣ አለቀ።

ትልቅ ፋይል ቆራርጦ መላክ ይቻላል። በኤስ3 ሥርዓት በአንድ ፑት የሚገባው እስከ 5 ጊጋባይት ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው እስከ 10,000 ክፍል ድረስ ይከፋፈላል። ከመጨረሻው በቀር ክፍሉ ከ5 ሜጋባይት አያንስም። መብራት ቢሄድ የቀረውን ክፍል ብቻ መላክ ነው። በመጨረሻ «ጨርሻለሁ» የሚል ትእዛዝ ይላካል፤ ያ ካልተላከ ዕቃው አይታይም፣ ክፍሎቹ ግን ቦታ ይዘው ይቀመጣሉ።

ይህን የተማርኩት በራሴ ነው። ሦስት አሮጌ ዴስክቶፕ አያይዤ ሴፍ ተክዬ ነበር። መብራት በሄደ ቁጥር ጭነቱን ከሀ እጀምራለሁ። አንድ ቀን ዲስኩ ሞላ፤ ባኬቱን (ዕቃዎቹ የሚሰባሰቡበትን ቋት) ብከፍት ጥቂት ፋይል ብቻ ነው የሚታየው። ለካስ የተቋረጡት ጅምሮች በሙሉ ውስጥ ተኝተዋል። አሁን 7 ቀን ያለፈው ጅምር በራሱ እንዲጸዳ ደንብ አስገብቼበታለሁ።