የአውሮፕላን ቴምብር መሰብሰብ ምንድን ነው?

ስሙ እንደሚለው ነው። አውሮፕላን የተሳለባቸውን የቆዩ የፖስታ ቴምብሮች ፈልጎ፣ ለይቶና አደራጅቶ ማስቀመጥ። አንዳንዱ የአንድ አገር ብቻ ይሰበስባል፣ አንዳንዱ የአንድ ዘመን፣ አንዳንዱ ደግሞ ድርብ ክንፍ ያላቸውን አሮጌ አውሮፕላኖች ብቻ። ሕጉን የሚያወጣው ራሱ ሰብሳቢው ነው።

ጀማሪን የሚያምታታ አንድ ነገር አለ። የአየር ፖስታ ቴምብር ማለት ደብዳቤው በአውሮፕላን እንዲሄድ የሚከፈልበት ነው፤ አውሮፕላን ላይሳልበት ይችላል። አውሮፕላን ያለበት ቴምብር ሁሉም ደግሞ የአየር ፖስታ አይደለም። አውሮፕላን የታየበት የዓለም የመጀመሪያው ቴምብር አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1913 መግቢያ ላይ ለጥቅል ዕቃ መላኪያ ያወጣችው ባለ 20 ሳንቲም ነው። ያኔ አሜሪካ ገና መደበኛ የአየር ፖስታ አልነበራትም። የመጀመሪያው የአየር ፖስታ ቴምብር ደግሞ በ1917 ከጣሊያን የመጣ ነው። ንጉሡ ያሉበት የነበረ ቴምብር ላይ ጽሑፍ ደረቡበት፣ አለቀ። አውሮፕላን የሚባል ነገር የለበትም።

ዝነኛዋ ግን ግልብጧ ጄኒ ናት። እ.ኤ.አ. በ1918 አሜሪካ የአየር ፖስታ ስትጀምር ባለ 24 ሳንቲም ቴምብር አሳተመች። ክፈፉ ቀይ፣ መሃል ያለችው ከርቲስ ጄኒ አውሮፕላን ሰማያዊ። ቀለሙ ሁለት ስለሆነ ወረቀቱ ማተሚያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። በሁለቱ ዙር መሃል የሆነ ነገር ተገለበጠ። ዊሊያም ሮቢ የሚባል ሰብሳቢ ዋሽንግተን ፖስታ ቤት ሄዶ 100 ቴምብር ያለበትን ሙሉ ወረቀት በ24 ዶላር ገዛ። ሲያየው አውሮፕላኖቹ ሁሉ በጀርባቸው ይበራሉ! ብዙም ሳይቆይ በ15,000 ዶላር ሸጠው። በ2023 ከመቶዎቹ አንዷ ብቻዋን 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አወጣች። እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ቴምብሩ ላይ ያለችው አውሮፕላን ቁጥሯ 38262 ነው። ይህን ቁጥር የያዘችው እውነተኛዋ አውሮፕላን በአገልግሎቱ የመጀመሪያ ቀን ከዋሽንግተን ወደ ሰሜን መሄድ ሲገባት፣ አብራሪው መንገድ ስቶ ወደ ደቡብ ነጎደ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም ፖቴዝ 25 የምትባል የፈረንሳይ አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈች። ለዚሁ ማስታወሻ ቀድመው በታተሙ ቴምብሮች ላይ ጽሑፍ ተደረበ። በ1923 ዓ.ም ደግሞ አውሮፕላንና የኢትዮጵያ ካርታ ያለባቸው የአየር ፖስታ ቴምብሮች ወጡ። ከኢትዮጵያ ቴምብር አንድ ብቻ ምረጥ ብባል የ1923ቱን ነው የማነሳው።

ጎንደሬን በቀጥታ የሚነካው ሌላ ነው። ፋሺስት ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1938 ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ካሳተማቸው የአየር ፖስታ ቴምብሮች አንዱ ጣና ሐይቅ ላይ የሚበር አውሮፕላን ያሳያል። ያኔ ጎንደር የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ተደርጋ ነበር፤ ፒያሳ ያለው ፖስታ ቤትም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። የወራሪ ቴምብር ቤቴ አላስገባም የሚል አለ፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን ይቀመጥ ባይ ነኝ። ሐይቁ የኛ ነው።

ጀማሪ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ቤቱን ይፈትሽ። ውጭ ካለ ዘመድ የመጣ፣ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ የሆነ የአየር ደብዳቤ ብዙ ቤት አይጠፋም። ካገኛችሁ ቴምብሩን አትላጡት! ከነፖስታው ነው ዋጋ ያለው። ማህተሙ ከየት ከተማ፣ በየትኛው ቀን እንደተነሳ ይናገራል። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፤ የደረሰበት ፖስታ ቤት ማህተም ካለ ጉዞው ስንት ቀን እንደፈጀ ቁጭ ብላችሁ ታሰላላችሁ። ለእኔ ከዚህ ሥራ ሁሉ የሚጥመው ይሄ ነው። ለሰብሳቢ ተብለው የታተሙ፣ ደብዳቤ ላይ ተለጥፈው የማያውቁ የሚያብረቀርቁ ቴምብሮች ከዚህ ጋር ሲወዳደሩ ቅም አይሉኝም።

ስትገዙ ጽሑፍ የተደረበባቸውን ተጠንቀቁ። ርካሹን ቴምብር ገዝቶ ጽሑፉን ራሱ የሚያትም አጭበርባሪ በየአገሩ አለ። የሚያውቅ ሰው ሳያይላችሁ ትልቅ ብር እንዳታወጡ። የቴምብሩን ዙሪያ ጥርስ ቁጠሩ፣ የተቀደደ ወይም የሳሳ ቦታ ካለ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ተመልከቱ።

አያያዙ ቀላል ነው። በጣት ሳይሆን ጫፉ ጠፍጣፋ በሆነ ወረንጦ ይነሣል። ሙጫና ፕላስተር በጭራሽ። ዋናው ጠላት እርጥበት ነው፣ የጎንደር ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የፖስታ ቤት ማህተም ያላረፈበት አዲስ ቴምብር ጀርባው ሙጫ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከአልበሙ ገጽ ጋር ይጣበቃል። አልበሙን ከግድግዳ አርቁት፣ እንደ መጽሐፍ አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ ጥላ ውስጥ ገለጥ ገለጥ አድርጋችሁ አናፍሱት።