በኦንታሪዮ የጤና ተቋማት ጾታዊ ጥቃትን የማሳወቅ ግዴታ

በካናዳዋ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት፣ የጤና ባለሙያ በታካሚ ላይ የሚፈጽመውን ጾታዊ ጥቃት ማሳወቅ ለባልደረቦቹ ኅሊና ብቻ የተተወ ሳይሆን በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሕግ ባለሙያዋ ማሪሉ ማክፊድራን የተመራው፣ በታካሚዎች ላይ የሚፈጸመውን ጾታዊ ጥቃት ያጠናው ግብረ ኃይል ላቀረባቸው ምክረ ሐሳቦች ምላሽ የሆኑት ድንጋጌዎች በ1993 ማብቂያ በሥራ ላይ ውለዋል።

ግዴታው ያለበት በሥራው አጋጣሚ ሌላ ባለሙያ ታካሚን እንዳጠቃ የሚያሳምን በቂ ምክንያት ያገኘ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ሌላ ባለፈቃድ፣ እንዲሁም የተቋሙ አስተዳደር ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ወይም የጽዳት ሠራተኛው ያዩት ነገር ተቋሙን በበላይነት ለሚመራው ሰው ከደረሰ፣ ተቋሙ አላወቅሁም ሊል አይችልም። ሪፖርቱ በ30 ቀናት ውስጥ፣ ጥቃቱ ይቀጥላል የሚል ስጋት ካለ ደግሞ ወዲያውኑ፣ ለሙያው ተቆጣጣሪ አካል ይቀርባል፤ ይህ አካል «ኮሌጅ» ቢባልም ሥራው ማስተማር ሳይሆን ፈቃድ መስጠትና መንጠቅ ነው።

ጥቃት የሚባለው ግንኙነት መፈጸም ብቻ አይደለም፤ ከሕክምናው ጋር የማይያያዝ ጾታዊ ንክኪ፣ ድርጊትና ንግግርም ይካተታል። «ፈቅዳ ነው» የሚለው መከላከያ ተቀባይነት የለውም፤ ታካሚና ሐኪም እኩል ስላልሆኑ ይህ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ምስጢር የሰማው ሐኪም ጉዳይ ነው። አንዲት ሴት የቀድሞ የጥርስ ሐኪሟ ያደረሰባትን ለቤተሰብ ሐኪሟ ስትነግረው፣ ሐኪሙ ሪፖርቱን ከመላኩ በፊት ግዴታ እንዳለበት ሊያስረዳት የተቻለውን ሁሉ ማድረግ አለበት። በሪፖርቱ ላይ የእርሱ ስም፣ የተጠርጣሪው ስምና የድርጊቱ ዝርዝር ይሰፍራሉ፤ የእርሷ ስም ግን በጽሑፍ ካልፈቀደች በቀር አይጻፍም። የአጥቂውን ማንነት ካልነገረችው ደግሞ የማሳወቅ ግዴታ አይኖርበትም። ሕጉ የመናገርን ሸክም ከተጎጂዋ ትከሻ አውርዶ በባለሙያው ላይ ሲጭን ስሟን ለእርሷ መተዉ እጅግ የታሰበበት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2017ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ ግዴታውን ያልተወጣ ግለሰብ እስከ 50,000፣ ተቋም እስከ 200,000 የካናዳ ዶላር ይቀጣል። በቅን ልቦና ያመለከተን ሰው መክሰስም ሆነ መበቀል የተከለከለ ነው። ተጎጂዎች ለሥነ ልቦና ሕክምና ወጪ ከኮሌጆቹ ገንዘብ የሚጠይቁት የጥፋተኝነት ውሳኔ ሳይጠብቁ፣ አቤቱታው ወይም ሪፖርቱ ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ ነው።