የቻይና ሐኪም «ነፋስ-ብርድ ነው» ሲል ምን ማለቱ ነው?
ጉንፋን ይዞህ የቻይና ባህላዊ ሐኪም ጋ ብትሄድ «ጉንፋን ነው» ብሎ አይለቅህም። የሚፈልገው ዠንግ የሚሉትን ነው፤ ምልክቶቹ ተደምረው የሚሰጡትን መልክ። ምላስህን አውጣ ይልሃል፣ ከዚያ ሦስት ጣቱን የእጅህ አንጓ ላይ አሳርፎ ትርታህን ያዳምጣል፣ ያልብሃል ወይ፣ ይጠማሃል ወይ እያለ። ብርድ ብርድ ካለህ፣ ንፍጥህ እንደ ውሃ ከቀጠነና ምላስህ ላይ ስስ ነጭ ሽፋን ካለ «ነፋስ-ብርድ» ነው። ዝንጅብልና ቀረፋ ያለበት የሚያሞቅ ነገር ይታዘዝልሃል። ጉሮሮህ ከቆሰለ፣ ንፍጡም ቢጫ ከሆነና ትኩሳቱ ካየለ ግን «ነፋስ-ሙቀት»፤ ያኔ ናና ይመጣል። ጉንፋኑ አንድ፣ መድኃኒቱ ሁለት። «ነፋስ» ሲባል ታዲያ ውጭ የሚነፍሰው ብቻ እንዳይመስልህ፣ ድንገት የሚመጣና ቶሎ የሚለዋወጥ ሕመም ጠባይ ስምም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ እንዲህ ያሉ ስያሜዎች ገብተዋል፤ መመዝገብና መፈወስ ግን ለየቅል ናቸው።