በጥያቄ ጊዜ የሚዘጋጅ ፋይል ምንድን ነው?

አንድ ደንበኛ በባንኩ ድረ ገጽ ገብቶ ከመስከረም 1 እስከ ጥቅምት 30 ያለውን የሂሳብ መግለጫ መርጦ «አውርድ» የሚለውን ሲጫን፣ የሚደርሰው ፋይል ከጥቂት ሰከንዶች በፊት በየትኛውም ዲስክ ላይ አልነበረም። ሰርቨሩ (ለጥያቄዎች መልስ የሚልከው የባንኩ ኮምፒውተር) ላይ ያለው ፕሮግራም ጥያቄውን ተቀብሎ፣ የሚፈለጉትን መዝገቦች ከዳታቤዝ (መዝገቦቹ ከሚቀመጡበት ማከማቻ) አውጥቶና በሰንጠረዥ መልክ ደርድሮ፣ በፋይል መልክ ይልካቸዋል። በጥያቄ ጊዜ የሚዘጋጅ ፋይል የሚባለው ይህ ነው። ለሁሉም ጠያቂ አንድ ሆኖ ተሠርቶ ከተቀመጠ ፋይል፣ ለምሳሌ ከማመልከቻ ቅጽ፣ የሚለየው ይዘቱ እንደ ጠያቂው፣ እንደ ቀኑና እንደ ምርጫው ስለሚለዋወጥ ነው።

ለብራውዘሩ ገጽም ሆነ ፋይል ከሰርቨር የመጣ የባይት (ኮምፒውተር መረጃን የሚይዝበት ትንሽ ክፍል) ድርድር ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው ከይዘቱ ቀድሞ የሚላከው ሄደር፣ ማለትም ስለ ይዘቱ የሚናገር አጭር ጽሑፍ፣ ሲሆን፣ በውስጡ ኮንቴንት-ታይፕ የተባለው መስመር የይዘቱን ዓይነት ይናገራል፤ ኮንቴንት-ዲስፖዚሽን የተባለው ደግሞ «አታችመንት» የሚል ቃል ይዞ ከመጣ ብራውዘሩ ይዘቱን ገጹ ላይ ከማሳየት ይልቅ ያስቀምጠዋል፣ የፋይሉንም ስም ከዚያው ያነባል። ስሙ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ እንደሆነ ሄደሩ እንዳለ አይሸከመውም። እያንዳንዱ ፊደል ዩቲኤፍ-8 በተባለው፣ ፊደላትን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት፣ 3 ባይት ስለሚይዝና እያንዳንዱ ባይት በፐርሰንት ምልክትና በ2 ምልክቶች ስለሚጻፍ፣ «ደረሰኝ» የምትለው ባለ 4 ፊደል ቃል በሄደሩ ውስጥ 36 ቦታ ትይዛለች።

ለሰንጠረዥ በብዛት የሚመረጠው ሲኤስቪ ነው፤ ዓምዶቹ በላቲን ኮማ ተለይተው የሚጻፉበት ተራ ጽሑፍ። የእኛው ነጠላ ሰረዝ (፣) ለሲኤስቪ እንደማንኛውም ፊደል ስለሆነ «ቦሌ፣ ወረዳ 3» ያለ ችግር ያልፋል፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በስልኩ የሚጽፈው የላቲኑን ስለሆነ፣ «ቦሌ, ወረዳ 3» በጥቅስ ምልክት ካልታቀፈ ወረዳው ወደሚቀጥለው ዓምድ ይገፋና በዚያው መስመር ከዚያ በኋላ ያሉት ዓምዶች ሁሉ ይዛባሉ።

እንደ እኔ እይታ ፕሮግራመሮች ከሁሉ በላይ የሚዘነጉት ፋይሉ ከወረደ በኋላ የሚሆነውን ነው። ተጠቃሚው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ጠቅ አድርጎ የሚከፍተው ኤክሴል በተባለው የሰንጠረዥ ፕሮግራም ሲሆን፣ በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚያመለክቱት 3 ባይቶች (239፣ 187 እና 191) ከሌሉ ዊንዶውስ ላይ ያለው ኤክሴል በአማርኛ የተጻፈውን የደንበኛ ስም ባለ ምልክት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥርም መነሻ ዜሮውን ያጣል፤ ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ ቁጥር ደግሞ መጨረሻው ወደ ዜሮ ይለወጣል፣ ተመልሶም አይገኝም። ስለዚህ ስልክና የሂሳብ ቁጥር ለያዘ መግለጫ ዓምዱን ጽሑፍ ብሎ መሰየም የሚያስችለውን የኤክሴል ፋይል ራሱን ማዘጋጀት ይሻላል።

መጠኑ ሲበዛ ሁሉንም መዝገብ በሜሞሪ ሰብስቦ ከመላክ ይልቅ፣ ከዳታቤዝ ጥቂት ጥቂት እያነበቡ ወዲያው መላክ ይገባል፤ አንድ የኤክሴል ገጽ ከ1,048,576 መስመር በላይ እንደማይቀበልም መታሰብ አለበት።

አንዳንዶች ፋይሉን መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት በሆነ ማህደር ያስቀምጡና አድራሻውን ለተጠቃሚው ይሰጣሉ። ይህ አሠራር አድራሻውን የገመተ ሁሉ የሌላውን ሰው ሂሳብ እንዲያይ በር ይከፍታል። ማውረጃው ሊንክ የሂሳብ ቁጥር ይዞ የሚሄድ ከሆነም፣ ያ ሂሳብ በእርግጥ ወደ ድረ ገጹ የገባው ደንበኛ ንብረት መሆኑን ሰርቨሩ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ማጣራት አለበት፤ «አውርድ» የሚለው ቁልፍ ለባለቤቱ ብቻ መታየቱ ሊንኩን በእጁ የሚጽፈውን ሰው አያግደውም።