ቆጣሪው ለምን አይጨምርም? ፓይተን ጀማሪዎችን የሚያሳስቱ እምነቶች

አራት ኪሎ አካባቢ ላፕቶፕ የተከፈተበት ካፌ ሁሉ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ከሚማሩ ጀማሪዎች ይህ ጥያቄ አይጠፋም፦ «ከላይ ተሳፋሪ = 0 ብያለሁ። ፈንክሽኑ ውስጥ ተሳፋሪ += 1 ስል ለምን ኤረር ይሰጠኛል?» ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፋሪ የሚቆጥር ኮድ ነው እንበል። ፈንክሽን በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል ነው፤ ቫሪያብል ደግሞ ዋጋ የሚያዝበት ስም።

«ፈንክሽኑ የውጭውን ቫሪያብል ካየው መቀየርም ይችላል።»
አይችልም። ማየት ሌላ፣ መመደብ ሌላ። ፈንክሽኑ ውስጥ ያለው ፕሪንት ብቻ ቢሆን 0 አትሞ በሰላም ያልቃል። += 1 ሲገባበት ግን ፓይተን ፈንክሽኑን ከማስኬዱ በፊት፣ ገና ኮዱን ሲያዘጋጅ፣ ውስጡ ዋጋ የሚመደብለትን ስም ሁሉ ሎካል (የፈንክሽኑ ብቻ) ብሎ ይመዘግባል። ያ ስም ከፈንክሽኑ የመጀመሪያ መስመር እስከ መጨረሻው ሎካል ነው። += 1 ማለት ደግሞ ያለውን ዋጋ ማንበብ፣ 1 መደመር፣ መልሶ መመደብ ነው። ሎካሉ ገና ዋጋ ስላልተሰጠው የሚነበብ ነገር የለም፤ አንባውንድ ሎካል ኤረር ይመጣል። ከ+= በላይ ተሳፋሪን የሚያትም ፕሪንት ካለ ኤረሩ እዚያ ላይ ይወጣል፤ ሰው ሁሉ ምንም ያላጠፋውን ፕሪንት ሲነካካ ይውላል። መልእክቱ ራሱ «ሎካል» ይላል እኮ፤ ማንበብ ነው።

«ግሎባል ጻፍበት፣ ያልቃል።»
ግሎባል ፈንክሽኑን «የውጭውን ስም ራሱን ተጠቀም» የሚል ቃል ነው። ይህ ምክር ነው የሚያሰለቸው። ለአሥር መስመር ኮድ ያልቃል። ሁለተኛ ሚኒባስ ሲመጣ ግን ፈንክሽኑ ተሳፋሪ ከሚባል አንድ ስም ጋር ታስሯል፤ ያንኑ ሥራ የሚሠራ ሌላ ፈንክሽን ልትጽፉ ነው። ይልቅ ጨምር የሚባለው ፈንክሽን ቁጥር የሚል ፓራሜትር (ሲጠራ የሚሰጠውን ዋጋ የሚይዝ ስም) ይቀበል፣ ሪተርን ቁጥር + 1 ብሎ ውጤቱን ይመልስ። ስትጠሩት ተሳፋሪ = ጨምር(ተሳፋሪ) በሉ። ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ያለውን ከተዋችሁት ውጤቱ ተሰልቶ ይጣላል፣ ተሳፋሪም 0 ላይ ይቀራል። በሪተርን ፋንታ ፕሪንት ካደረጋችሁ ደግሞ ስክሪኑ ላይ 1 ታያላችሁ፣ ተሳፋሪ ግን ነን (None፣ «ምንም» ማለት ነው) ሆኗል፤ ሁለተኛው ጥሪ ላይ ታይፕ ኤረር ይፈነዳል።

«ፓራሜትሩንም ተሳፋሪ ካልኩት የውጭው አብሮ ይቀየራል።»
ሞክሼነት ዝምድና አይደለም። አይቀየርም።

«ሊስት ላይ ግሎባል ሳይጻፍም ይሠራል።»
ሊስት ብዙ ዋጋዎችን በተራ የሚይዝ ዝርዝር ነው። አፔንድ (መጨረሻው ላይ መጨመር) ይሠራል፤ ሊስቱን ይለውጣል እንጂ ለስሙ አዲስ ዋጋ አይመድብም። በዚያው ሊስት ላይ += ሞክሩ፤ ያው ኤረር ነው።

«ኢፍና ፎር የራሳቸው ስኮፕ (ስሞች የሚታወቁበት ክልል) አላቸው።»
ጃቫ ከሚባለው ሌላ ቋንቋ የመጣ ልማድ ነው፤ ፓይተን ላይ የላቸውም።

«ቆጣሪውን ሉፑ (የሚደጋገመው የኮድ ክፍል) ውስጥ 0 ባደርገው ምን አለበት?»
12 ሰው ተሳፍሮም መጨረሻ ላይ የምታገኙት 1 ነው።

«++ተሳፋሪ ኤረር ካልሰጠ ሠርቷል።»
ምንም አልሠራም። ፓይተን የሚያየው ከቁጥሩ ፊት የተደረደሩ ሁለት የፖዘቲቭ ምልክቶች ነው። ተሳፋሪ++ ይሻላል፤ ቢያንስ ሲንታክስ ኤረር ይሰጣል።

«ቫሪያብል በአማርኛ አይሰየምም።»
ፓይተን 3 ላይ ይሰየማል፤ በላቲን ፊደል መጻፍ ያለባቸው እንደ ግሎባልና ሪተርን ያሉት የቋንቋው የራሱ ቃላት ናቸው። ብቻ ሞክሼ ፊደላት ላይ ተጠንቀቁ፦ ከላይ ተሳፋሪ፣ ከታች ተሣፋሪ ካላችሁ ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ቫሪያብሎች ናቸው።